ግማሽ ዲናር፣ ቅቤና የሻርክ ዘይት፦ የቀይ ባሕር ጀልባዎች ጥገናና ኪራይ ታሪክ



በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ነገር ግን ከየት እንደመጡ ብዙም የማናስብባቸው ሁለት የአማርኛ ቃላት አሉ። አንዱ "ጀልባ" ነው፤ ሌላው "ኪራይ"። ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡልን ናቸው። "ጀልባ" በቀይ ባሕር ላይ ነጋዴና ሑጃጅ የሚያሻግር የሸራ መርከብ ስም ነበር፤ ሲበዛ "ጂላብ" ይሉታል። "ኪራእ" ደግሞ የፊቅህ ሊቃውንት ቤት፣ ግመልና መርከብ ለሚከራይበት ውል የሰጡት ስም ነው። የዛሬው ወጋችን ሁለቱ ቃላት ስለሚገናኙበት ቦታ ነው። መርከብ ያለው ሰው መርከቡን በምን ወጪ ያኖረዋል? ወጪውን ከማን ላይ ያወጣል? ሲያከራይስ የተሳፋሪው ነፍስ በማን ኃላፊነት ነው? ጥያቄው የነጋዴ ሒሳብ ይመስላል። ግን በዚህ ሒሳብ ብዙ ሑጃጅ አልቀዋል፤ ስለዚሁ ሒሳብም ኪታብ ተጽፏል።

ከምናውቀው ታሪክ እንጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በረጀብ ወር፣ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ፣ የመካ በደል የበረታባቸው ሰሐቦች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የመጀመሪያዎቹ 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው፣ የነቢዩ ልጅ ሩቂያ (ረ.ዐ) አብረው ነበሩ። የወጡት ተደብቀው ነው፤ ከፊሉ በእግሩ፣ ከፊሉ በእንስሳ ጀርባ። የደረሱት ሹዐይባ ወደብ ነበር። በዚያ ዘመን የመካ ወደብ ጂዳ ሳይሆን ሹዐይባ ነበር። (ወደቡን ወደ ጂዳ ያዛወሩት እኚሁ ዑስማን ናቸው፤ ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ፣ በ26 ዓመተ ሒጅራ።) በአላህ ፈቃድ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ። ጦበሪ እንደመዘገበው በግማሽ ዲናር አሳፍረው ወደ ሐበሻ ምድር ወሰዷቸው። ቁረይሾች ዱካቸውን ተከትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ አንድም ሰው አላገኙም።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን ቶሎ ወደ ነጃሺ ፍትሕ ይሮጣል፤ ይገባዋልም። እኔ ግን ለአፍታ መርከቦቹ ጋ መቆም እፈልጋለሁ። የነጋዴዎቹ ስም አልተጻፈልንም። ለእነሱ ተራ የኪራይ ሥራ ነበር፤ መንገደኛ መጣ፣ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ሸራ ተዘረጋ። ያ ሊሆን የቻለው ግን መርከቦቹ ለመሄድ ዝግጁ ሆነው ስለተገኙ ነው። በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ላይ መርከብን ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ምን ያህል ልፋት እንደነበረ ስናውቅ፣ የዚያች ቀን አጋጣሚ ትርጉሙ ይጨምራል።

የመልሱ ጉዞም በመርከብ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ነጃሺ የቀሩትን ስደተኞች በሁለት መርከብ አሳፍረው ላኳቸው፤ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገኟቸው ከኸይበር ድል ጋር ነው። ከእነሱ ጋር አቡ ሙሳ አልአሽዐሪና ወገኖቻቸው ነበሩ። እነዚህ ከየመን ተነስተው ወደ ነቢዩ ሲጓዙ መርከባቸው ወስዳ ሐበሻ ላይ የጣለቻቸው፣ ከዚያም ከጃዕፈር ጋር የቆዩ ሰዎች ናቸው። መዲና ከገቡ በኋላ ዑመር (ረ.ዐ) ለአስማእ ቢንት ዑመይስ እኛ በሒጅራ ቀድመናችኋል ቢሏት ተቆጣች፤ ጉዳዩን ለነቢዩ አቀረበች። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ለሌሎቹ አንድ ሒጅራ ሲሆን ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ እንዳላቸው ነገሯት። "አህሉ ሰፊና" የሚለው መጠሪያ፣ "የመርከቡ ሰዎች" ማለት ነው፣ የክብር ስማቸው ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ መርከቡ ሆድ እንግባ።

በገመድ የተሰፋ መርከብ

የጥንቱ የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መርከብ አብዛኛውን ጊዜ በሚስማር አልተመታም፤ ተሰፍቷል። በሳንቃው ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ይበሳል፤ ሁለቱ ሳንቃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማሉ፤ ከዚያ ከኮኮናት ልጣጭ ቃጫ በተፈተለ ገመድ ይሰፋሉ፤ ቀዳዳው በእንጨት ውታፍ ይደፈናል። ቃጫው ራሱ ብዙ ድካም አለው። ልጣጩ ለወራት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይደበደባል፣ ይፈተላል። የሚገርመው ባሕርይው ይህ ነው፦ የኮኮናት ገመድ በጨው ውኃ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው፤ በጣፋጭ ውኃ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። መርከብ ሰፊዎቹ ይህን ያወቁት በፈተና ሳይሆን አይቀርም።

ለምን በሚስማር አልሠሩትም? በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ጉዳዩን አንስቶ ነበር። በዘመኑ ሰዎች በዚያ ባሕር ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ አለ፣ ሚስማሩን ከመርከቡ ነቅሎ ይወስዳል ይሉ ነበር። ፕሮኮፒየስ ይህን አይቀበልም፤ ብረት ያላቸው የሮም መርከቦች በዚያው ባሕር ሲሄዱ ምንም አልደረሰባቸውም ይላል። የእሱ ምክንያት ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸውና ሮማውያን እንዳይሸጡላቸው በሕግ ስለተከለከለ ነው የሚል ነው። የድንጋዩን ተረት ስለጣለልን እናመሰግነዋለን፤ የብረቱን ነገር ግን ለመቀበል ይከብዳል። አክሱማውያን ጦርና መሣሪያ ከብረት ይሠሩ ነበርና።

የተሻለውን መልስ የምናገኘው ከራሱ ከሐጅ መንገደኛ ነው። አንዳሉሳዊው ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 መጀመሪያ ላይ ከግራናዳ ተነስቶ ለሐጅ ወጣ፤ በግብፅ አድርጎ፣ በረሃውን በግመል አቋርጦ፣ ዐይዛብ ከምትባል የአፍሪካ ጠረፍ ወደብ በጀልባ ወደ ጂዳ ተሻገረ። የጀልባዎቹን አሠራር በዓይኑ አይቶ ጻፈው። በሚስማር አይመቱም፤ በኮኮናት ቃጫ ይሰፋሉ። በሳንቃው መካከል የቴምር ዘንባባ ስንጥር ይጠቀጠቃል። ከዚያ በቅቤ፣ ወይም በጉሎ ዘይት፣ ወይም በሻርክ ዘይት ይቀባሉ፤ የሻርኩ ከሁሉ ይሻላል ይላል። ሸራቸው ጨርቅ አይደለም፤ እንደ ሰሌን ከዛፍ ቅጠል የተሠራ ነው። እንጨቱም ቃጫውም ከሕንድና ከየመን የሚመጣ ነው። የዘይቱን ዓላማም ይነግረናል፦ ባሕሩ በድንጋይ የተሞላ ስለሆነ እንጨቱ እንዲለሰልስና እንዲለምጥ ነው። በሚስማር የተመታ ግትር መርከብ ድንጋይ ሲነካ ይሰነጠቃል፤ የተሰፋው ግን እንደ ቅርጫት ይለመጣል። ቀይ ባሕርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይስማማል። ጠረፉ በሙሉ ኮራል ነው።

እዚህ ላይ ለተፍሲር ወዳጆች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። በሱረቱል ቀመር 13ኛ አንቀጽ የኑሕ (ዐ.ሰ) መርከብ የሳንቃዎችና የ"ዱሱር" ባለቤት ተብላ ተገልጻለች። ብዙ ሙፈሲሮች "ዱሱር"ን ሚስማር ብለው ተርጉመውታል። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ግን ቃሉ የመርከብ ሳንቃ የሚታሰርበትን የቃጫ ገመድም እንደሚያመለክት ጽፈዋል። ለዐረቡ መርከበኛ ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ሳንቃን ከሳንቃ ያያይዛሉ።

የማያልቀው ወጪ

የተሰፋ መርከብ ልምጥ መሆኑ ጥቅም ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። ስፌቱ ይላላል፣ ገመዱ ያልቃል፤ በየጊዜው ተፈቶ እንደገና መሰፋት አለበት። ዘይቱ በፀሐይና በጨው ይጠፋል፤ ካልታደሰ እንጨቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው ጠላት ከውኃው በታች ነው። በሞቃት ባሕር ውስጥ እንጨት በሊ ትል አለ። ሳንቃው ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል እንጨት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ኖራና ሞራ ነው። ባሕሩ ሲሞላ መርከቡን ወደ ዳር ያስጠጋሉ፤ ሲጎድል አሸዋው ላይ ይቀራል። ያኔ መርከበኞቹ ሆዱን ይፍቃሉ፤ የተጣበቀውን ቀንድ አውጣና ሣር ያራግፋሉ። ኖራ ከእንስሳ ሞራ ጋር አፍልተው፣ ገና ትኩስ እንዳለ በእጃቸው ይለቀልቁታል። ከውኃው በላይ ያለውን ደግሞ በዓሣ ዘይት ይቀቡታል። ሽታው የሚረሳ አይደለም፤ በእነዚህ መርከቦች የተጓዘ የውጭ ሰው ሁሉ ስለሱ ሳይጽፍ አላለፈም።

ማርኮ ፖሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሆርሙዝ ላይ እነዚህን መርከቦች አይቶ ክፉኛ አጣጥሏቸዋል፤ ሚስማር የላቸውም፣ በዓሣ ዘይት ተቀብተዋል፣ ብዙዎቹም ይሰምጣሉ ብሏል። ትዝብቱ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በእንዲህ ያለ መርከብ የሙስሊም ነጋዴዎች ቻይና ደርሰው ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢንዶኔዥያ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የ9ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ የተሰፋ ነበር፤ ሆዱ ውስጥ ወደ 60,000 የሚጠጋ የቻይና ሸክላ ተጭኖ ተገኝቷል። በ2010 ኦማኖች የዚያን መርከብ አምሳያ ያለ ሚስማር ሰፍተው ከኦማን እስከ ሲንጋፖር በሸራ ሄደውበታል። ስለዚህ ችግሩ ስፌቱ አይደለም። ስፌቱን የሚጠብቅ ሰው፣ ጊዜና ገንዘብ መጥፋቱ ነው።

ጊዜ ስል የነፋሱን ጉዳይ ማለቴ ነው። የሸራ መርከብ ባለቤት ሁልጊዜ አይሠራም። በሰሜኑ ቀይ ባሕር ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ በብዛት ከሰሜን ይነፍሳል፤ በደቡቡ በክረምትና በበጋ አቅጣጫው ይለወጣል። የሕንድ ውቅያኖሱ ደግሞ በሞንሱን ይመራል፤ አንዱ ነፋስ ወስዶ ሌላው ይመልሳል። ወቅቷ ካመለጠች ወራት ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ ገመድ ይገዛል፣ ዘይት ይገዛል፣ መርከበኛው ይበላል፤ ገቢ ግን የለም።

መርከብ ያለው ምስኪን

ቁርኣን ይህን ኑሮ በአንድ አንቀጽ ይዞታል። በሱረቱል ከህፍ 79ኛ አንቀጽ ኸዲር (ዐ.ሰ) ያነወራት መርከብ ባሕር ላይ የሚሠሩ ምስኪኖች ንብረት እንደነበረች ይነገረናል፤ ወደፊት ደህናውን መርከብ ሁሉ በጉልበት የሚነጥቅ ንጉሥ ነበርና። መርከብ ያለው ሰው እንዴት ምስኪን ይባላል? ፉቀሃዎች በዚህ ላይ ተከራክረዋል። ሻፊዒዮች ከአንቀጹ ማስረጃ ይዘው፣ ምስኪን ማለት ምንም የሌለው ሳይሆን ያለው የማይበቃው ነው አሉ፤ ፈቂር ከእሱ የባሰ ነው። ምስኪን ከፈቂር የባሰ ነው የሚሉት ሐነፊዮች ደግሞ መልስ ነበራቸው፦ እነዚያ ሰዎች ባለቤቶች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ምናልባት ተቀጣሪዎች ነበሩ፣ ወይም መርከቧን ተውሰዋታል። ለዘካ ክፍፍል የተደረገ ክርክር ነው። ሳያስቡት ግን የባሕር ሰዎችን ትክክለኛ ኑሮ ነው የገለጹት። አንዱ መርከብ እያለው ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል፤ ሌላው የሰው መርከብ ይዞ ይሠራል። ወደቡ ላይ ሁለቱን መለየት ይከብዳል።

በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ለርዕሳችን የምትሆን ሌላ ነጥብ አለች። የመርከቧ ሰዎች ኸዲርን አውቀውት ስለነበር እሱንና ሙሳን (ዐ.ሰ) ያሳፈሯቸው ያለ ኪራይ ነው። ኸዲር ሳንቃዋን ሲነቅል ሙሳ የተቆጡትም በዚሁ ነበር፤ በነጻ ያሳፈሩንን ሰዎች መርከብ ቀደድክባቸው ብለው። ዘገባው በኋላ መርከቧ መጠገኗንም ይጨምራል፤ ቀዳዳው በሬንጅ ተደፈነ የሚሉ እንዳሉም ይጠቅሳል። አንዲት የተነቀለች ሳንቃ ትጠገናለች። ለባለ መርከብ ምስኪን መጠገንና መነጠቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ዐይዛብ

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ደረስን። ዐይዛብ ዛሬ ፍርስራሽ ናት፤ ከግብፅና ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ሐላይብ አካባቢ። የመስቀል ጦረኞች የሲናን መንገድ በዘጉበት ዘመን የግብፅ፣ የመግሪብና የአንዳሉስ ሑጃጅ በዚያ ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ከተማዋ ውኃ የላት፣ እርሻ የላት። የምትኖረው በሑጃጅና በሕንድ ንግድ ነበር። ከነዋሪዎቿ አንድ ወይም ሁለት ጀልባ የሌለው ሀብታም እንደማይገኝ ኢብኑ ጁበይር ይጠቅሳል።

በጀልባዎቹ ላይ የሆነውን ሲጽፍ ብዕሩ ይቆጣል። ባለቤቶቹ ሑጃጁን አንዱን በአንዱ ላይ ያስቀምጡና ጀልባዋን ልክ እንደ ዶሮ ቀፎ ያደርጓታል። ምክንያቱ ስግብግብነት ነው፤ የጀልባዋን ሙሉ ዋጋ በአንድ ጉዞ ማውጣት ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ምንም ቢያደርጋት አያስጨንቃቸውም። እንዲያውም ሳንቃውን ማቅረብ የእነሱ ድርሻ እንደሆነ፣ ነፍስን መጠበቅ ግን የሐጂው ጉዳይ እንደሆነ የሚናገሩበት አባባል እንደነበራቸው ዘግቧል። ሱብሓነላህ!

ይህን አባባል ቆም ብለን እንመርምረው። በውስጡ የሒሳብ ስሌት አለ። መርከብን መጠገን ትርጉም የሚኖረው ነገም፣ ከነገ ወዲያም ልትሠራበት ካሰብክ ነው። በአንድ ጉዞ ዋጋዋን ካወጣህ ግን ዘይት መቀባት፣ ስፌት መፍታት፣ ሳንቃ መለወጥ ትርፍ ወጪ ይሆናል። ጥገናው ሲቀር ወጪው አይጠፋም፤ ወደ ተሳፋሪው ነፍስ ይዛወራል። የዐይዛብ ሰዎች የገንዘብ ወጪያቸውን በሰው ሕይወት ከፍለውታል።

መከራው በባሕር አያበቃም ነበር። ነፋሱ ብዙ ጀልባዎችን ወደ ደቡብ በረሃ ጠረፍ ይጥላቸዋል። በዚያ የቤጃ ሰዎች ግመል ያከራዩአቸዋል፤ ውኃ በሌለበት መንገድ ይመሯቸዋል። ብዙዎቹ በውኃ ጥም እንደሚሞቱና ንብረታቸው እንደሚወሰድ፣ ተርፈው ዐይዛብ የሚደርሱትም ከመቃብር የወጡ እንደሚመስሉ ጽፏል። ከኪራይ ወደ ኪራይ፣ ከጀልባ ወደ ግመል፤ በሁለቱም ላይ ዋጋው ነፍስ ነው። በፋጢሚዮች ዘመን ከሐጂው ራስ ላይ 7 ዲናር ተኩል ግብር ይሰበሰብ ነበር፤ መክፈል ያልቻለ ይሠቃይ ነበር። ሰላሑዲን አልአዩቢ ይህን ግብር አንስቶ ለመካው አሚር ምትክ ሰጠው። ኢብኑ ጁበይር ስለዚህ ሰላሑዲንን ደጋግሞ ያመሰግናል። ግብሩ ቢነሳም የጀልባው መጨናነቅ አልተነሳም።

ኢብኑ ጁበይር ራሱ በጁላይ 1183 ተሳፍሮ በስምንተኛው ቀን ገደማ ጂዳ ገባ። ማዕበል መታቸው፤ መንገድ ሳቱ። በዚህ ሁሉ መካከል ግን አንድ ሰው አመስግኗል፤ መርከቡን የሚመራውን። በጂዳ አጠገብ በኮራል ድንጋዮች መካከል ባሉ ጠባብ መተላለፊያዎች ጀልባዋን የገራች ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው ሲያሳልፋት በመገረም ገልጾታል። ይህ ፍትሐዊ ዓይን ነው። በደሉ ያለው መሪውን በያዘው እጅ ላይ አልነበረም፤ ዳር ቆሞ ገንዘብ በሚቆጥረው ላይ ነበር።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

አንድ አንባቢ፣ ኢስላማዊው ሕግ በዚህ ላይ ዝም ብሎ ነበር ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በፍጹም። ከኢብኑ ጁበይር አንድ ምዕት ዓመት በላይ ቀድመው፣ በ450 ዓመተ ሒጅራ (1058) ያለፉት ኢማም አልማወርዲ በታወቀው የአስተዳደር ኪታባቸው የገበያና የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪው፣ ሙሕተሲቡ፣ በመርከብ ባለቤቶች ላይ ያለውን ሥልጣን ጽፈዋል። ከአቅሟ በላይ ጭነው መርከቧ ለመስጠም የምታሰጋ ከሆነ ይከለክላቸዋል። ነፋስ ሲበረታ እንዳይወጡ ይከለክላቸዋል። ወንድና ሴት አብረው ካሳፈሩ በመካከላቸው መጋረጃ እንዲኖር፣ መርከቧ ሰፊ ከሆነች ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ እንዲኖር ያዛል። ሰው የተሳፈረበትን ዕቃ ሳይሆን ሰውን የሚያይ ደንብ ነው።

ከዚያም ቀድሞ፣ በ310 ዓመተ ሒጅራ (923) ያለፉት ሙሐመድ ኢብኑ ዑመር አልኪናኒ ስለ መርከብ ኪራይና በባለ ጉዳዮቹ መካከል ስለሚነሳ ክርክር ራሱን የቻለ ኪታብ አዘጋጅተዋል፤ "አክሪየቱ ሱፉን" ይባላል። በማሊኪ መዝሀብ ሊቃውንት የሚብላላው ጥያቄ በጣም የሚገርም ነው፦ መርከቧ በመንገድ ላይ ብትሰጥም ኪራዩ ይከፈላል ወይ? ኢማም ማሊክና ኢብኑል ቃሲም አይከፈልም አሉ። የመርከብ ኪራይ የሚጸናው በሰላም በመድረስ ነው፤ ካልደረሰ ባለቤቱ ምንም የለውም። ኢብኑ ናፊዕ ግን ተቃወሙ፤ እንደ ግመል ኪራይ የሄደውን ያህል ይታሰብለት አሉ። ይህን ልዩነት ለባለ መርከብ ብትነግሩት ወዲያው ይገባዋል። በማሊክ ብይን መሠረት ያረጀ ገመድ የያዘ ሰው የሚያጣው መርከቡን ብቻ አይደለም፤ የጉዞውን ኪራይ በሙሉ ያጣል። ጥገና ኪሱን የሚነካ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የማሊክ አቋም ለሑጃጁ ይሻል ነበር። የኢብኑ ናፊዕም ግን ግፍ አይደለም፤ ወራት ደክሞ በአላህ ውሳኔ ማዕበል ለገጠመው ምስኪን ባለ መርከብ ያስባል።

ሌሎችም ዝርዝሮች አሉ። አንዲት መርከብ ተለይታ ከተከራየች ስትሰበር ውሉ ይፈርሳል፤ መርከቧ ሳትለይ ማድረሱ ብቻ በባለቤቱ ዕዳ ከሆነ ግን ሌላ ማምጣት አለበት። መርከበኛው በተለመደው መንገድ ሠርቶ አደጋ ቢደርስ አይጠየቅም፤ ወሰን አልፎ ከሆነ ይጠየቃል። ማዕበል በርትቶ ዕቃ ወደ ባሕር ቢጣል፣ ኪሳራው ዕቃቸው በተረፈላቸው ሰዎችም ላይ እንደየዋጋው ይከፋፈላል፤ የአንዱ ዕቃ ነው ሌላውን ያዳነው። ሰውን መጣል ግን እንደ አብዛኞቹ ሊቃውንት አይፈቀድም፤ ነጻ ይሁን ባሪያ፣ ሙስሊም ይሁን ሌላ።

ታዲያ ዐይዛብ ላይ ምን ጎደለ? ኢብኑ ጁበይር ራሱ መልሱን ሰጥቷል። ከአላህ ምድር ሁሉ ሒስባ የሚያስፈልጋት ይህች ቦታ ናት፤ የሙሕተሲቧም ጅራፍ ሰይፍ መሆን አለበት የሚል መልእክት ጽፏል። ሕጉ በባግዳድ ኪታብ ላይ ነበር፤ ዐይዛብ ዳር ላይ ግን ጀልባዋ ከመነሳቷ በፊት ሰው የሚቆጥርና ሳንቃ የሚያንኳኳ አልነበረም።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የባሕር ሊቅ አሕመድ ኢብኑ ማጂድ ለመርከብ መሪዎች በጻፈው ኪታብ ይህንኑ ከሌላ በኩል ይነካል። መርከቧ ገና የብስ ላይ ሳለች ነውሯን እያያችሁ መዝግቡ፣ ከለመደችው በላይ አትጫኗት የሚል ምክር አለው። ባሕር ላይ ከወጣህ በኋላ የምታገኘው ቀዳዳ ጊዜው አልፏል። የኪታቡ የመጨረሻ ክፍል በሙሉ ስለ ቀይ ባሕር መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም።

ግማሽ ለመርከቡ

ይህ ኑሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋል። አውስትራሊያዊው መርከበኛ አለን ቪሊየርስ እ.ኤ.አ. በ1938 እና 1939 ከኩዌት ሰዎች ጋር በትልቅ የሸራ መርከብ ከዐደን እስከ ዛንዚባርና ከዚያም ወደ ኩዌት ተጉዞ መጽሐፍ ጽፏል። አከፋፈላቸው እንዲህ ነበር፦ ከጠቅላላው ገቢ የምግብ ወጪ ይቀነሳል፤ ከቀረው ግማሹ ለመርከቡ፣ ግማሹ ለሰዎቹ ይሆናል፤ የሰዎቹ እንደየሥራቸው በድርሻ ይከፋፈላል። "ለመርከቡ" የተባለውን ግማሽ ልብ በሉት። መርከቡ እንደ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ይቀለባል፤ ሸራው፣ ገመዱ፣ ኖራና ሞራው ከዚያ ነው። ያም ሆኖ ናኹዳውም፣ ማለትም የመርከቡ አዛዥ፣ መርከበኞቹም አብዛኞቹ ከነጋዴ በተበደሩት ዕዳ የሚኖሩ ነበሩ። ሱረቱል ከህፍ ያለችው ምስኪን እዚያም አለ።

በዚያን ጊዜ ግን የሑጃጁ መንገድ በእንፋሎት መርከብ ተተክቶ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር። ብረት ሲመጣ ስፌትና ዘይት ቀረ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። በኦገስት 1880 "ጂዳ" የሚል ስም የተሰጣት የእንፋሎት መርከብ ከሲንጋፖርና ከፔናንግ ከ900 በላይ ሑጃጅ ይዛ ወደ ሐጅ ስትጓዝ፣ ከሶማሌ ጠረፍ ጫፍ ከጓርዳፉይ ብዙ ሳትርቅ ማዕበል መታት። የእንፋሎት ጋኖቿ ከማሰሪያቸው ላልተው ተናወጡ፤ ውኃ ገባ። ሑጃጁ ወንዱም ሴቱም እየተፈራረቁ ውኃ ሲቀዱ፣ ካፒቴኑ ከሚስቱና ከመኮንኖቹ ጋር በሌሊት በነፍስ አድን ጀልባ ወርዶ ሄደ። ሌላ መርከብ አንስቶ ዐደን አደረሳቸው፤ መርከቢቱ ከነተሳፋሪዎቿ ሰጠመች ብለው ተናገሩ። ዜናው በቴሌግራም ዓለምን ዞረ። በማግስቱ ግን "አንቴኖር" የተባለች መርከብ "ጂዳን" ጎትታ ዐደን ወደብ ገባች። ሑጃጁ በሕይወት ነበሩ። ጥለዋቸው የሄዱትም እዚያው ዐደን ላይ ሆነው መምጣታቸውን አዩ። እንግሊዛዊው ደራሲ ጆሴፍ ኮንራድ በ1900 ያወጣው "ሎርድ ጂም" የሚባለው ልብ ወለድ ከዚህ ታሪክ የተነሳ ነው፤ እሱ ግን የጻፈው ስለ ሸሸው መርከበኛ ኅሊና ነው እንጂ ውኃ ሲቀዱ ስላደሩት ሑጃጅ አይደለም። ዐደን ላይ በተካሄደው ምርመራ የካፒቴኑ የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት ታገደ።